ኖራ

ከመግሪብ በኋላ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣
ኖራ የሞላ ጋሪ እየገፋሁ ስሄድ
አንድ ነጭ መስመር ይዘረጋል፣ የተወጠረ ገመድ።

ዶሃ፣ የካቲት።
ነፋሱ ከባሕር፣ ሣሩ ከሌላ አገር፣
ውሃው ጨው የነጠቁት የዚያው የባሕር፣
እኔ ከኮምቦልቻ፣ ኩንሂ ከኬረላ፣
ሁላችንም በውል፣ በፊርማ፣ በቀጠሮ፤
ሣሩም እንደኛው ነው፣
ኮንትራቱ ሲያልቅ ይጫናል ተጠቅልሎ።

ኃላፊያችን ረጀብ ሻዩን እንደያዘ መጣ።
«ይህን ዋንጫ በደንብ እዩት፤ ከነገ ወዲያ የለም።
የክፍለ ዓለሙ ሹማምንት ፈርመዋል፣
ከትልቁ ውድድር ጋር ይቀላቀላል፣
ስሙ ይቀራል።»
ኩንሂ አሰብ አደረገና ጠየቀ፦
«የማዕዘን ባንዲራዎቹስ?»
«እነሱ ይታጠቡ።»

እኔ አውቀዋለሁ እንዲህ ያለ ሞት።
የፋብሪካው ቡድን በረኛ ነበርኩ፣ የፈትል ክፍል ፈረቃ፤
አንድ ሰኞ ጠዋት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ
ቡድናችን አለቀ፤
ሁለት መስመር ጽሑፍ፣ አንድ ማኅተም፣ በቃ።
ማልያውን ለግምጃ ቤት በፊርማ መለስን።
የኔ ጓንት አንድ ጣት ጎድሎት ነበርና
ሦስት ብር ተቆረጠብኝ፣
የአውራ ጣት ካሣ።

በማግሥቱ ማታ አውቶቡሶች መጡ ከሰናዒያ ካምፕ፣
ወንበር እንዲሞሉ የተጫኑ ሰዎች፣
ሰማያዊ ቱታ፣ ነፃ ጭማቂ፣ ለየራስ አንድ ሳንድዊች።
አንዱ ቡድን ከጎረቤት ነው፣ ድንበር ተሻግሮ የመጣ፣
ሌላው ከሩቅ ምሥራቅ፣ ከበረዶ የወጣ።
ሰዎቹ ለሁለቱም አጨበጨቡ፤
ኳስ ወደ ውጭ ስትወጣም አጨበጨቡ፤
ለዳኛው፣ ለቃሬዛው፣
ለመብራቱ ምሰሶ ሳይቀር።
በእረፍት ሰዓት የተነቀለ ሣር መልሼ ስረግጥ
አንድ የኔፓል ልጅ ብድግ ብሎ
ለእኔ አጨበጨበ።
ዞር ብዬ አየሁ፤ ከኋላዬ ማንም የለም።

ዘጠና ደቂቃ አለቀ፣ አንድ ለአንድ።
ያኔ ወርቃማ ጎል የሚሉት ሕግ ነበረ፤
ቀድሞ ያገባ በሩን ዘግቶ ይሄዳል፣
የተረፈውን ደቂቃ የሚጠይቅ የለም።

መቶ ሦስተኛው ላይ
ኳሷ መስመሬን አለፈች።
የኔን መስመር፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ዳግም ያደስኩትን፤
ጥቂት ነጭ በጎኗ ይዛ
እስከ መረቡ ሄደች።
ፊሽካ።
ግማሹ ሜዳ ተንበረከከ፣ ግማሹ ሮጠ፣
የአውቶቡስ ሹፌሮች ሞተር አስነሡ።

ዋንጫው በመተላለፊያው ሲያልፍ አየሁት በቅርብ፤
ግርጌው ላይ የብር ቅጠሎች ዞረውታል በክብ፣
ያሸነፉት ሁሉ ስም ተቀርጾባቸው።
በጀርባው በኩል ግን አራቱ ባዶ ናቸው።
አንጥረኛው ተስፈኛ ነበር፤
ከሹማምንቱ አርቆ ነው የቆጠረው።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ውሃውን ከፈትኩ።
መሐል ክቡ መጀመሪያ ገረጣ፣
ቀጥሎ የቅጣት ምት ነጥቧ።
ኩንሂ መረቡን እየፈታ ጠራኝ፤
አንድ ቋጠሮ ላይ ነጭ ነገር ተጣብቋል፣
በጣቱ ነክቶ አሳየኝ።

«ኖራ» አልኩት።
ይህን ያውቀዋል፤ ዓረቦቹም ኑራ ይላሉ።
በኛ ቋንቋ ግን ቃሉ አንድ ደጅ ሌላም አለው፦
ስላለፈች ሴት ስናወራ፣
ስንት ዘመን ኖራ፣ ስንት አይታ፣ እንላለን፤
ይህንን ልነግረው ፈለግሁ፣
ዓረብኛዬ እዚያ ድረስ አልዘለቀም።

«ኖራ» ደገምኩለት።
«ኑራ፣ ኑራ» አለ፣ እንደሚያባብል፣
ጣቱን ቱታው ላይ ጠረገ፣
አራቱን ባንዲራዎች ታቅፎ
ወደ ማጠቢያው ሄደ።